ከፊት ለፊትሽ ያለው ወንበር

መስከረም 28

ለውድ ባለቤቴ፤

እንዴት ከርመሻል? እኔና እናቴ ደህና ነን። የእናቴ ጉልበት እንደምታውቂው ነው፤ ደረጃ መውጣት ሲሆን ያማታል፣ ጎረቤት መሄድ ሲሆን ይሻላታል። መጋረጃውን አጥበኸዋል ወይ ላልሽው፣ አጥቤዋለሁ። የታጠበ አይመስልም፤ እሱ ግን የመጋረጃው ጥፋት ነው። በስልክ ስንነጋገር እንጣላለንና ደብዳቤ እንጻጻፍ ማለትሽ ልክ ነበር። የዛሬውን በስልክ ብነግርሽ ኖሮ ጆሮዬ ላይ ትዘጊብኝ ነበር።

ባዮሎጂ ላስተምር ብለሽ ሄደሽ፣ ወንበሩን እንኳ ሳታሞቂው የክርክር መድረክ ከፈትኩ ትዪኛለሽ። ያውም በዝግመተ ለውጥና በፍጥረት! ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ አዳራሽ ገብታችሁ፣ አንቺ «ሕይወት ቀስ በቀስ እየተለወጠ እዚህ ደረሰ» ትያለሽ፣ የሂሳብ መምህሩ «ፈጣሪ እንዳለ አድርጎ ፈጠረው» ይላሉ፣ ተማሪው ያጨበጭባል። ለመሆኑ የሳይንስ መምህርን እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው? እኔ ፊዚክስ ሳስተምር «ምድር ዝርግ ናት» ከሚል ሰው ጋር ወንበር ስቤ አልቀመጥም። ወንበር ከሳብኩለት እኩያዬ አደረግኩት ማለት ነው። አስተምሪ፣ ፈትኚ፣ አርሚ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ።

ደግሞ እኚህ የሂሳብ መምህር ማን ናቸው? በአንድ ገጽ ላይ ደጋግመሽ «ጎበዝ ተከራካሪ» ብለሻቸዋል። ዕድሜያቸው ስንት ነው? ባለትዳር ናቸው? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው የምጠይቀው።

እናቴ ሰላም ትልሻለች።

ያንቺው


ጥቅምት 17

ለባለቤቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ሁለቱ ደብዳቤዎችህ በአንድ ቀን ደረሱኝ። ሁለተኛውን ባትልከው ይሻልህ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ይቅርታ ስለጠየቅክ ግን እንዳልደረሰኝ ቆጥሬዋለሁ።

ዕድሜውን አልጠየቅኩትም። ባለትዳር አይደለም። የሚኖረው ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለችው የመምህራን ክፍል ነው፤ እሑድ እሑድ ሸሚዞቹን ሲተኩስ ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል። ተማሪዎቹ «እንበል» ነው የሚሉት። ሰሌዳ ፊት ሲቆም ሁሉን ነገር «እንበል» ብሎ ስለሚጀምር ነው። ዝናብ ሲጥል እንኳ «አባርቷል እንበል» ብሎ ይወጣል።

ለምን ገባሽበት ላልከው ልንገርህ። የመጀመሪያውን ፈተና ሳርም፣ አንዲት ተማሪ ሁሉንም በትክክል መልሳ ስታበቃ ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ «መልሱ ይሄ ነው፣ እኔ ግን አላምንበትም» ብላ ጽፋ አገኘሁ። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ክፍል ገብቼ ስጠይቅ ግን ለካ ሁሉም እንደሷ ናቸው። ለፈተና አንድ ነገር፣ ለሆዳቸው ሌላ ነገር ይዘዋል። አንተ «አስተምሪ፣ ፈትኚ» ትላለህ፤ እኔ ግን እነዚህን ልጆች ሳስዋሻቸው ነው የከረምኩት። ይህን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሳወራ እንበል ሰምቶኝ «እኔም እኮ አላምንበትም፤ ግን እስከዛሬ በወጉ ያስረዳኝ ሰው የለም» አለኝ። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ሕግ አለን። ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ ራሱ መናገር አለበት። ባላጋራው «አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው» እስኪለው ድረስ ወደ መልሱ አያልፍም። ለዚህ ስንል ረቡዕ ረቡዕ ቤተ ሙከራ ቁጭ ብለን አንዳችን የአንዳችንን ሐሳብ እናጠናለን። በሩ ክፍት ነው። ይህን የምነግርህ ስለጠየቅከኝ እንጂ ስለሚገባህ አይደለም።

እማማ ጉልበታቸውን በሞቀ ውሃ እንዲይዙት ንገራቸው።

ባለቤትህ


ኅዳር 8

ለውድ ባለቤቴ፤

ሰላም ነሽ? ብርድ ልብሱ ስለደረሰሽ ደስ ብሎኛል። ቀለሙን እናቴ ናት የመረጠችው፤ እኔን አትውቀሺኝ።

በመስከረሙ ደብዳቤሽ «እሳቸው» ነበሩ፤ በጥቅምቱ «እሱ» ሆኑ። በዚህ አካሄድ እስከ ጥር ምን እንደሚባሉ እግዜር ይወቀው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ሕጋችሁን ሳነብ ሆዴ ተቃጠለ። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ የኔን ሐሳብ ደግመሽ «ያልከው ይህን ነው?» ብለሽኝ ታውቂያለሽ? እኔ ገና አፌን ስከፍት መልሱ ቀድሞኝ ደርሶ ይጠብቀኛል። ለሱ ሲሆን ግን ረቡዕን ሙሉ ቁጭ ብለሽ የሚያስበውን ታጠኚለታለሽ! «በሩ ክፍት ነው» ማለትሽ ደግሞ ባሰብኝ። ስለ በር ማን ጠየቀሽ? እኔ ነኝ፣ በሁለተኛው ደብዳቤ፤ እሱ ግን አልደረሰሽም ተብሏል።

ክርክሩን በሚመለከት አቋሜ ያው ነው። የሙያ ጉዳይ እንጂ ቅናት አይደለም። ልጆቹ ለሱ አጨብጭበው ቢወጡ ምን ልትሆኚ ነው? እውነት በጭብጨባ አይለካም።

እናቴ ትናንት «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው?» አለችኝ። «ስለ ዝግመተ ለውጥ እያሰብኩ ነው» አልኳት። «እሱስ አንተን በአንድ ወር ለውጦሃል» ብላ ሳቀችብኝ።

ዓመቱ ሲያልቅ ትመለሻለሽ አይደል? ሌላውን ተዪውና ይህን ብቻ መልሺልኝ።

ያንቺው


ታኅሣሥ 1

ለባለቤቴ፤

ሰላም ላንተና ለእማማ ይሁን። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ፤ ሳምንቱን ወንበር ተለዋውጠን ስለነበር ነው። አትደንግጥ፣ የክርክሩን ወንበር ነው። እንበል ለዝግመተ ለውጥ ቆመ፣ እኔ ለፍጥረት።

እኔ እኮ ጠዋት ሳልጸልይ ከቤት እንደማልወጣ ታውቃለህ፤ የተናገርኩት የሰው ሐሳብ አልነበረም። ተማሪዎቹ ግን ከኔ አፍ ይሄ ይወጣል ብለው አልጠበቁም። ያቺ ጠርዝ ላይ የጻፈችው ልጅ ተነስታ «ቲቸር፣ ታዲያ ሁለቱንም መያዝ ይቻላል እንዴ?» አለች። «እኔ ይዣለሁ። አንቺ ደግሞ አስቢበት» አልኳት። በማግስቱ ስለ ቅሪተ አካላት የሚያወራ መጽሐፍ ልትዋሰኝ መጣች። ማንም ሳያዛት፣ ለፈተና ሳይሆን! በማስተማር ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እንበልማ በሳቅ ሊሞት ነው፤ «ከኔ በላይ ተከራከርሽልኝ» ይለኛል።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ልዋሽህ አልፈልግም። ርዕሰ መምህሩ «ትቆያለሽ ወይ?» ሲለኝ፣ መድረኩ ከቀጠለ አንድ ዓመት ልጨምር እችላለሁ ብዬዋለሁ። አልወሰንኩም። አትቆጣ። መቆጣትህ ካልቀረም በደብዳቤ ተቆጣ፤ ስልክ አትደውል።

ባለቤትህ


ታኅሣሥ 20

ለባለቤቴ፤

ለደብዳቤሽ ብዙ መልስ ጽፌ ሁሉንም ቀድጃለሁ። ይሄኛው አጭርና ጨዋ ነው።

ከናንተ በኩል አንዳንድ ወላጆች ያንቺንም የኔንም ትምህርት ቤት ለሚያስተዳድረው የትምህርት ጽሕፈት ቤት አቤት ብለዋል። ግማሾቹ «ልጆቻችንን ከእምነታቸው ሊያወጧቸው ነው»፣ ግማሾቹ ደግሞ «ሳይንስ ክፍል ውስጥ ስብከት ገባ» ነው የሚሉት። ጽሕፈት ቤቱም «የሳይንስ መምህራን በዚህ ክርክር ይግቡ ወይስ አይግቡ?» ብሎ የሳይንስ ዲፓርትመንት ኃላፊዎችን አስተያየት ጠየቀ። ከነሱ አንዱ እኔ ነኝ። ባልሽ መሆኔን አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

አንድ ገጽ ጻፍኩ። በክፍለ ጊዜ ውስጥ ፈጽሞ አይግቡ፣ ከክፍለ ጊዜ ውጭም ቢሆን ያለ ርዕሰ መምህሩ ፈቃድ አይሁን አልኩ። ደስ እንደማይልሽ አውቃለሁ። ግን የማምንበትን ነው የጻፍኩት፤ ማታም እንቅልፍ ወስዶኛል። ሌላም ደብዳቤ ጽፌ ነበር፤ እሱ ስለ ትምህርት ቤታችን የሂሳብ መምህር እጥረት ስለሆነ አንቺን አይመለከትሽም።

«ከኔ በላይ ተከራከርሽልኝ» አለሽ? ለኔ የተከራከርሽልኝ ቀን ቢኖር ኖሮ ግድግዳ ላይ እጽፈው ነበር።

ያንቺው


ጥር 22

ለባለቤቴ፤

ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አንተንም ሰላም ብያለሁ።

ገጽህን ሰማሁት። ጽሕፈት ቤቱ ለየትምህርት ቤቱ ልኮት ርዕሰ መምህራችን በመምህራን ስብሰባ ላይ ቆሞ አነበበው። የማን እንደሆነ አይልም፤ እኔ ግን ገና በመጀመሪያው መስመር አወቅኩህ። «ወንበር መሳብ» የሚል ሌላ ሰው የለም። ሲጨርስ፣ «ፈቃድ መስጠት ማለት ኃላፊነት መውሰድ ነው፤ እኔ ደግሞ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ» አለና መድረኩን ዘጋው። ሐሙስ ዕለት ተማሪዎቹ አዳራሹ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ቀርቷል፣ ሂዱ» ስላቸው ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ለምን ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ያቺ ልጅ መጽሐፉን መለሰችልኝ፤ ግማሹ ላይ ወረቀት እንደገባበት ነው።

የምታምንበትን ጽፈህ ከሆነ አልቀየምህም። መልሰህ መላልሰህ የጠየቅከኝም ይህንኑ ነው፤ ተቀይመሽኛል ወይ ነው። እንግዲህ መልሱ እሱ ነው።

ሌላው ወሬ፣ እንበል ሄደ። በዓመቱ መሃል ዝውውር ወጣለትና ሁላችንም ግራ ገባን። የት ቢሆን ጥሩ ነው? አንተ ትምህርት ቤት። ደህና ሰው ነው፣ በወጉ ተቀበለው።

ባለቤትህ


የካቲት 16

ለውድ ባለቤቴ፤

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ሰውየው መጣ።

ቆንጆ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ በመልኩ ነው ብዬ አርፍ ነበር። ቆንጆ አይደለም። ጆሮው ትልቅ ነው፣ ሸሚዙ ግን እውነትም በደንብ ተተኩሷል። አንድ ጣሳ ማር ይዞ ቀጥታ ወደኔ መጣና ጎንበስ ብሎ «በስሜ ያስጠየቁኝ እርስዎ ነዎት አሉኝ። እህቴ እዚህ ከተማ ናት፤ ስንት ዓመት ዝውውር ለምኜ ያላገኘሁትን እርስዎ አስገኙልኝ» አለኝ። ማሩን ተቀበልኩ፤ ምን ላድርግ? ግማሹን ላንቺ ልኬዋለሁ።

በመምህራን ማረፊያ ጠረጴዛው ከኔ ጎን ነው። በሁለተኛው ሳምንት ተማሪዎች ከበቡት፤ እኔን ግን ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር መቼም ከበውኝ አያውቁም። ከዚያ የኛ ርዕሰ መምህር ያንኑ የጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አንብባ «እንግዲያው በኔ ፈቃድ ይቻላል» ብላ መድረክ ከፈተች! የባዮሎጂ መምህራችን «እኔ ነገር አልፈልግም» ብሎ ሸሸ። ለሳይንሱ ወገን ሰው ጠፋ። እኔ ገባሁ።

የገባሁት በሰው ፊት ላሸንፈው ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሐሳቡን ልናገርለት ብሞክር «አይደለም፣ እንዲያ አላልኩም» እያለ፣ ወደ መልሴ ሳልደርስ ደወል ተደወለ። ሙሉ ሰዓቱን የሰው ሐሳብ ስፈልግ ዋልኩ። አሁን ረቡዕ ረቡዕ እኛ ቤት ነው የምንዘጋጀው። እናቴ ወዳዋለች፤ ሲመጣ የኔን ወንበር ነው የምትሰጠው። እውነት ለመናገር ረቡዕ ሲደርስ ደስ ይለኛል። ይህን ሰው እንድጠላ ስንት ወር ደክሜ ነበር!

ያንቺው


መጋቢት 9

ለባለቤቴ፤

የላክኸውን ማር መልሼልሃለሁ።

«በስሜ ያስጠየቁኝ» አለህ፣ አንተም ሳታስበው ጻፍክልኝ። እንግዲህ የሂሳብ መምህር እጥረቱ ይህ ነበር! መጀመሪያ መድረኬን አዘጋህ፣ ከዚያ ባላጋራዬን አስወሰድክ፣ ከዚያ ደግሞ ወንበሬ ላይ ራስህ ተቀመጥክ። አይግቡ ያልከው አንተ አይደለህም? «እናቴ ወዳዋለች» ትለኛለህ። ደስ እንዲለኝ ነው?

የኔን ነገር ልንገርህ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲሆን አዳራሹ አጠገብ ላለማለፍ ዞሬ ነው ወደ ቤት የምሄደው። ረቡዕ እናንተ በኔ ሳሎን፣ በኔ ጠረጴዛ ላይ ስትስቁ ይታየኛል። በማን እንደምቀና ራሴም አላውቅም፤ ባሌን በወሰደው ሰው ነው ወይስ ባላጋራዬን በወሰደው ባሌ? የምትለውን የሆድ ቃጠሎ ቀምሼዋለሁ፤ እንኳን ደስ አለህ።

ፈቃድ ወስጄ ለአንድ ሐሙስ እናንተ መድረክ ላይ እመጣለሁ። ለእንበል ጽፌለት ርዕሱን ተስማምተናል፦ «የሳይንስ መምህር በዚህ ክርክር ይግባ ወይስ አይግባ?» እኔ ይግባ እላለሁ። አንተ ገጽህን ይዘህ ትቀርባለህ። እሱ ያወያየናል።

ባለቤትህ


ሚያዝያ 11

ለባለቤቴ፤

ለምን ሳትሰናበቺኝ ሄድሽ ትለኛለህ። እማማን ተሰናብቻለሁ። አንተን ግን በዚያን ቀን ምን ብዬ እንደምሰናበትህ አላወቅኩም ነበር።

የሆነውን በኔ በኩል ልንገርህ። የመጣሁት ላዋርድህ ነው። ሐሳብህን እንድናገር ተራው ሲደርሰኝ «ባሌ የሚለው፣ ሚስቴ ከሌላ ሰው ጋር አትሳቅ ነው» ብዬ አዳራሹን ላስቅብህ፣ አውቶቡስ ላይ ስለማመደው ነበር የመጣሁት። ከዚያ ከፊት ለፊቴ ተቀመጥክ። የውሃውን ብርጭቆ ስታነሳ ልብስህ ላይ አፈሰስከው። አልቻልኩም።

ስለዚህ ገጽህን ከጻፍከው በላይ አሳምሬ ተናገርኩልህ። መምህር ወንበር ከሳበ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ይመስላል፤ ልጁም አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ይዞ ይወጣል፤ ሳይንስ ግን በአንደበት አይረታም፤ አልኩልህ። ጥሩ ሐሳብ ነው እኮ! ልመልሰው ተቸግሬ ነው ያደርኩት። ካንተ የሚጠበቀው «አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው» ማለት ብቻ ነበር።

«አይደለም» አልክ።

እንበል «ትድገመው?» ሲልህ፣ ተነሳህና «እሷስ ልክ ናት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው እሱ ነው። ሌላ ሰው ቢለው አከብረው ነበር። እኔ ግን ስጽፈው ስለ ሚዛን አላሰብኩም። ቀንቼ ነው የጻፍኩት» አልክ። በተማሪዎችህ ፊት! ከኋላ አንዱ «በማን?» ብሎ ጮኸ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የእንበል ጆሮ ሲቀላ አየሁት። አንተም እሱን አይተህ «በሐሙስ» አልክና ተቀመጥክ። ለሰውየው ክብር ብለህ መሆኑ የገባኝ አውቶቡሱ ከከተማ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ወርጄ ልመለስ ፈልጌ ነበር።

አስተያየትህን ከጽሕፈት ቤቱ መሳብህ እዚህ ተሰምቷል። ርዕሰ መምህራችን አዳራሹን ከፈተልን። ስለዚህ አንድ ዓመት እጨምራለሁ፤ ይህን ከሌላ ሰው እንዳትሰማው።

ችግሩ፣ ከፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ባዶ ነው። እንበልን ወስደህብኛል፣ አይመለስም። የስፖርት መምህሩን ሞከርነው፤ «እስቲ ያልኩትን ንገረኝ» ስለው «ምን ነበር ያልሽው?» አለኝ። የፊዚክስ መምህራችን በዚህ ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። የእማማ ልጅ ነህና ስለ ፈጣሪ መከራከር አያቅትህም። ከእንግዲህ ሐሳብህን ሳልናገርልህ ላልመልስልህ ቃል እገባለሁ፤ ቢያንስ ሐሙስ ሐሙስ።

ባለቤትህ


ሚያዝያ 30

ለባላጋራዬ፤

እንደምን አለሽ? እናቴ ዕቃ ማሰር ጀምራለች። ገና ወራት ይቀሩናል ብላት «አንተ አታውቅም» አለችኝና ማማሰያውን ሳይቀር ጠቀለለችው፤ ወጥ የምናማስለው በማንኪያ ነው።

ለእንበል ነገርኩት። «እንግዲህ ረቡዕ ቀረ እንበል» አለኝ። አንቺ ከኔ ጋር እንደምትከራከሪ ሲሰማ እሱም ቅር ሳይለው አልቀረም። እኔም እሱን ትቼ መሄዱ ከብዶኛል፤ ማን ያምናል?

የዝውውር ማመልከቻውን ዛሬ አስገባሁ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «ቅናት» ብዬ ጻፍኩ። ርዕሰ መምህሯ መነጽሯን አውልቃ አየችኝና «ይሄን ጽሕፈት ቤቱ አይቀበልህም፤ ሰርዘህ የቤተሰብ ጉዳይ በል» አለችኝ።

«ያው ነው» ብዬ ሰረዝኩት።

ያንቺው